ስለ ጉርጥ የጻፈው የፖለቲካ ሰው

ጆርጅ ኦርዌል ሲባል አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው «አኒማል ፋርም»ንና «1984»ን ነው። አምባገነኑን፣ ሰላዩን፣ ውሸት የሚያመርተውን መሥሪያ ቤት። ይኸው ሰው ግን ኤፕሪል 12 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. «ትሪቢዩን» በተባለው የግራ ክንፍ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ጉርጥ ጻፈ። አዎ፣ ስለ ጉርጥ! ክረምቱን ከመሬት በታች አሳልፋ፣ ጸደይ ሲገባ ከስታ ስለምትወጣው ስለዚያች አስቀያሚ ፍጥረት፣ ስለ ዓይኗም ውበት።

ጊዜው ለእንዲህ ያለ ወግ የሚመች አልነበረም። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት አልሞላም። ለንደን በቦምብ ፈራርሳለች፣ ምግብ በራሽን ነው፣ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከወደሙ ገና ወራት ናቸው። የራሱም ቤት ሐዘን ነበረበት። ባለቤቱ አይሊን በማርች 1945 ለቀዶ ሕክምና እንደገባች አርፋ፣ በማደጎ የወሰዱትን ሕፃን ማሳደግ በእሱ ላይ ወድቋል።

ታዲያ ሕዝብ እየተቸገረ በወፍ ዝማሬ መደሰት ነውር ነው? ጥያቄውን ያነሳው ራሱ ኦርዌል ነው። ስለ ተፈጥሮ በጎ ነገር በጻፈ ቁጥር የስድብ ደብዳቤ ይደርሰው ነበርና። መልሱ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ጸደይ ለሀብታምም ለድሃም በነፃ ይመጣል፣ ኪራይ አይጠየቅበትም። ደግሞስ ሰው ዛሬ ባለው ሕይወት መደሰትን ከረሳ፣ ነገ የምንታገልለት የተሻለ ዓለም ቢመጣ ምን ያደርግበታል? ዛፍና ቢራቢሮ መውደድ ያቆመ ሰው የተረፈውን ጉልበት የሚያፈሰው በጥላቻና በመሪ አምልኮ ላይ ነው።

ይህ የአንድ ቀን ስሜት አልነበረም። በ1936 በእንግሊዝ ገጠር፣ ዋሊንግተን በምትባል መንደር፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ጎጆ ተከራይቶ ዶሮና ፍየል ያረባ ነበር። ከርካሽ ሱቅ በስድስት ስድስት ፔኒ የገዛቸውን ጽጌረዳዎችም በግቢው ተከለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስፔን ዘምቶ ፋሺስቶችን ሲዋጋ አንገቱን በጥይት ተመታ፤ ለጥቂት ተረፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲያይ ከአንዷ በስተቀር ጽጌረዳዎቹ ሁሉ ጸድቀው አገኛቸው። አትክልተኛነቱ ከትግሉ አላስቀረውም፣ ትግሉም አትክልቱን አላስጠላውም።

በ1946 «ለምን እጽፋለሁ» በሚለው ድርሰቱም የፖለቲካ ዓላማ ብዕሩን እንደሚመራው ሳይደብቅ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ የምድርን ገጽታና ተራ ቁሳቁስን መውደዱን እንደማይተው ተናግሯል።

«1984»ን የጻፈውም ጁራ በተባለች የስኮትላንድ ደሴት፣ መብራትም ስልክም በሌለበት ቤት፣ አትክልት እየኮተኮተና ዓሣ እያጠመደ ነው። የሳንባ ነቀርሳው ግን እየባሰበት ነበር። መጽሐፉ በጁን 1949 ታተመ፤ እሱ በጃንዋሪ 1950፣ በ46 ዓመቱ አረፈ።

እስቲ ያን መጽሐፍ በዚህ ዓይን መለስ ብለው ይመልከቱት። የዊንስተን አመፅ የሚጀምረው ከሰልፍ ወይም ከጠመንጃ አይደለም። ወረቀቱ ያማረ አሮጌ ደብተር ከመግዛት ነው። ቀጥሎ ለምንም የማይጠቅም፣ ውስጡ ኮራል የያዘ የመስታወት ጌጥ ይገዛል። ጫካ ውስጥ ማንም ሳያዛት የምትዘምር ወፍ ያዳምጣል። ሊይዙት የመጡት ሰዎች ያን ጌጥ ምድጃው ድንጋይ ላይ ፈጥፍጠው ይሰብሩታል። ፓርቲው ከሰው አእምሮ በተጨማሪ ከትእዛዝ ውጪ የሚገኝ ትንሽ ደስታንም ጠላቱ አድርጎታል።

በየማለዳው በስልኩ መጥፎ ዜና የሚቀበል አንባቢ ደስ ሲለው ወገኑን የከዳ ይመስለዋል። ኦርዌል ዜናውን አንብብ፣ አትታለል፣ አትፍራ ከሚሉት ወገን ነው። ግን ሕይወቱ እንደሚያሳየው፣ ሰው የሚታገልለትን ነገር መውደድ ካቆመ ለምን እንደሚታገልም ይጠፋበታል።