የበዓል ማግሥት ገበያ በአቃቂ ቃሊቲ

የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ በመስመሩ ላይ ጣቢያ ሆነች። ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአካባቢው ተተከሉ። በዚህም ምክንያት የአቃቂ ቸርቻሪ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አገኘ፤ ይኸውም እህሉን ሸጦ የሚገዛው የአካባቢው ገበሬና በየወሩ ደመወዝ የሚቀበለው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የገበሬውን ኪስ አዝመራው ሲያዝዝ፣ የሠራተኛውን ግን የደመወዝ ቀን ያዝዘው ነበር።

ከበዓል በኋላ ሱቁ ጭር የሚልበት ዋና ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። ገና የሚውለው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የወሩ ደመወዝ በበግ፣ በቅቤና በልጆች ልብስ ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥምቀት ይደርሳል። የእንቍጣጣሽ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጳጉሜን ደመወዝ የሌላት ወር በመሆኗ፣ የነሐሴ ደመወዝ በዓሉን፣ የትምህርት ቤት ወጪንና መስቀልን ተሸክሞ 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመትም 36 ቀን መዝለቅ አለበት። እንግዲህ በጥርና በመስከረም አጋማሽ ዋጋ መቀነስ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ገዢው የራቀው ዕቃው ስለተወደደበት ሳይሆን ገንዘቡ ስላለቀ ነው።

በውጭው ዓለም የበዓል ማግሥት ቅናሽ የታወቀ ልማድ ነው። ሆኖም በፊላዴልፊያ ከተማ ጆን ዋናሜከር የተባለው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1878 ያደረገው ልብ ሊባል ይገባዋል። ገበያው በቀዘቀዘበት በዚያ ወር አንሶላና የመሳሰለውን ነጭ ጨርቅ ለይቶ አቀረበ። ቅናሹ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሞተውን ወር ያነቃቃው ለወሩ የተመረጠው ዕቃ ጭምር ነበር።

የኢትዮጵያ ቸርቻሪ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ በእጁ አለው፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ጾሙ ያለው ጊዜ በአንዱ ዓመት 20 ቀን፣ በሌላው 54 ቀን ሊሆን ይችላል። ይህ ወቅት የሠርግ ወቅት ነው። ከገና የተረፈው ብርጭቆ፣ ሳህንና ጨርቅ ያለ ብዙ ቅናሽ የሚሸጠውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቅቤና እንቁላል ግን ከቅበላ ማለፍ የለባቸውም። ቀጥሎ ላሉት 55 ቀናት መደርደሪያው የሽሮ፣ የምስርና የዘይት ይሆናል። የሙስሊሙ ደንበኛ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ሁለቱን አቈጣጠር አጣምሮ የማይመለከት ባለሱቅ የገበያውን እኩሌታ ሳያይ ይቀራል።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎችና ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደሉ ጀመር። በዚያ ዘመን የቸርቻሪው ጭንቀት የዕቃ እጥረት እንጂ የዕቃ ትርፍ አልነበረም፤ ያልተገኘ ዕቃ በቅናሽ አይሸጥምና! በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ከወጣ፣ በተለይም ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ መርካቶ በዕቃ ሲሞላ ለበዓል አብዝቶ የመግዛትና ከበዓል በኋላ ዕቃ ታቅፎ የመቀመጥ ችግር ተመልሶ መጣ።

ከተረፈው ዕቃ ይልቅ ብዙ ሱቅ የሚያዘጋው ግን የዱቤ መዝገብ ነው። በበዓል ዋዜማ ለደንበኛ ዱቤ መከልከል ነውር ነው። ያለ ልክ መስጠት ደግሞ የጅምላ ነጋዴውን ዕዳ በራስ ላይ መከመር ነው። የሠከነ ባለሱቅ ዱቤውን በደንበኛው የአንድ ወር ደመወዝ ልክ ሳይሆን፣ ከቤት ኪራይና ከዕድር መዋጮ በኋላ በሚተርፈው ይለካዋል፤ የመክፈያውንም ቀን ከደመወዝ ቀን ጋር ያገጥመዋል። የዕቁብ ዕጣውንም በተመለከተ፣ ሌላው ሁሉ ከበዓል በፊት እንዲደርሰው ሲሻማ፣ እርሱ ተራውን ለጓደኛው ለቆ የጥሩን ወይም የጥቅምቱን ይወስዳል፤ የጅምላ ነጋዴው ዕዳ የሚጠየቀው በዚያን ጊዜ ነውና።