ሐዲዱና ሰበቡ

የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ዳር የባቡር ኩባንያው በቅያስ ያቆመው ከዚራ፣ በሌላው ነጋዴው፣ ግመል ነጂውና ኩሊው እንደየአቅማቸው ያቀኑት መጋላ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የውጭ ኃይል በሰው አገር ጉዳይ ጣልቃ ለመግባት የሚደረድረው ሰበብም አብሮት መጣ።

ሰበቡ በ1899 ዓ.ም. በወረቀት ሰፈረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል በኢትዮጵያ የውስጥ ጉዳይ እንደማይገቡ አስታወቁ፤ ሌጋሲዮኖቻቸውን፣ የውጭ ዜጎችን ሕይወትና ንብረት፣ እንዲሁም «የጋራ ጥቅማቸውን» ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ስንት ግመል ጭነት እንደምትሸከም አንባቢ ይገምት። ዐፄ ምኒልክም ውሉ ሥልጣናቸውን እንደማይገድብ አስታውቀው መልስ ሰጡ።

ከኅዳር 26 ቀን 1927ቱ የወልወል ግጭት በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በባርነት ምክንያት በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ከሰሰ። የክሱ ጉልበት ባርነት በአገሪቱ በእርግጥ መኖሩ ነበር፤ ዳሩ ግን ነፃ አወጣለሁ ባዩ ጦር በዚያው ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበበት። በድሬዳዋም የፈረንሳይ ወታደሮች ሠፍረው ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ሲገባ አልተኮሱበትም፤ የመጡት ባቡሩን እንጂ አገሩን ለመጠበቅ አልነበረምና።

በ1933 ዓ.ም. ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። የኢጣሊያ ጦር ሲያፈገፍግ የከዱ የቅኝ ግዛት ወታደሮች በከተማዋ በነበሩ ኢጣሊያውያን ላይ አደጋ ጣሉ፤ ወራሪዎቹም ራሳቸው እንግሊዞችን ድረሱልን አሉ። የደቡብ አፍሪካ ጦር መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ ገባ። በዚህ ጊዜ የሰው ሕይወት ለማዳን መባሉ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ለማዳን የገባው ቶሎ አልወጣም፤ በጥር 23 ቀን 1934ቱ ስምምነት የባቡሩ መሥመር በእንግሊዝ እጅ ቆየ።

ባቡሩ የተለቀቀው ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ስምምነት ነው። በዚያው ሰነድ ግን ኦጋዴንና «የተከለለው ግዛት» የተባለው ምድር በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ ተደረገ። የዚህኛው ምክንያት ደግሞ ኢትዮጵያ በቃል ኪዳን አገርነቷ ጦርነቱን እንድታግዝ ነው ተባለ፤ የበላይ ባለቤትነቷ እንደማይነካም ተጻፈ። ጦርነቱ በዚያው ዓመት አለቀ። ከመጋላ ግመሉን ጭኖ ወደ ቆላው የሚወርደው ነጋዴ ግን በገዛ አገሩ ምድር የእንግሊዝ ሹም እያስተዳደረው ከረመ፤ ሐውድና የተከለለው ግዛት የተመለሱት በ1947 ዓ.ም. ነው።