እጅ ከፍንጅ ተይዞ በነፃ መሄድ

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ ጂኒየስ የተባለው የዘፈን ግጥም ድረ ገጽ ጎግልን ሲከስስ ባዶ እጁን አልነበረም። ሰው የዘፈን ርዕስ ጎግል ላይ ሲፈልግ ግጥሙ እዚያው ፍለጋው ገጽ ላይ ሙሉውን ይመጣለታል፤ ወደ ጂኒየስ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም። ግጥሙ ደግሞ ከጂኒየስ የተገለበጠ ይመስል ነበር። ግን በምን ይረጋገጥ? ዘፈኑ አንድ ነው፤ ማንም ሰምቶ ቢጽፈው ቃሉ ያው ነው።

መላው ከአንዲት ትንሽ ምልክት ተገኘ። እንግሊዝኛ ቃል ሲያሳጥር ከፊደሉ አናት የሚያስቀምጣት ጭረት ቀጥ ብላም ጎበጥ ብላም ትጻፋለች፤ አንባቢ ልብ አይላትም። ጂኒየስ ሁለቱን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያፈራረቀ በግጥሞቹ ውስጥ ቀበራቸው። አንዷ ነጥብ፣ ሌላዋ ሰረዝ ተደርጋ በሞርስ ኮድ ስትነበብ «እጅ ከፍንጅ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ትሰጣለች። ምልክቱ እንዳለ ጎግል ላይ ብቅ አለ። ጎግልና ግጥም የሚያቀርብለት የካናዳው ሊሪክፋይንድ አብረው ተከሰሱ፤ የተጠየቀው ካሳ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ጂኒየስ ግን ተሸነፈ። የሽንፈቱ ሥር ያለው ግን ወደ ኋላ ርቆ፣ አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ በተባለው ግዛት ገጠር፣ በስልክ ማውጫ ላይ በተነሣ ጠብ ውስጥ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ ሩራል የሚባል የስልክ ኩባንያ ነበር። ሕጉ ስለሚያስገድደው በየዓመቱ የደንበኞቹን ስም፣ ከተማና ቁጥር የያዘ ማውጫ ያሳትማል፤ ወደ 7,700 ስም። ፊስት የሚባል አሳታሚ ደግሞ የ11 የስልክ ክልሎችን ስም በአንድ መጽሐፍ ይሰበስባል። ሁለቱም ማውጫውን በነፃ ያድላሉ፤ እንጀራቸው በቢጫ ገጾቹ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው። ፊስት ለ11ዱም ኩባንያዎች «ልክፈልና ዝርዝራችሁን ልጠቀም» አላቸው። አሥሩ እሺ አሉ። ሩራል እምቢ አለ። ፊስት ሳይፈቀድለት ወሰደው።

ለፍትሕ ሲባል፣ ፊስት ዝም ብሎ አልገለበጠም። ሰው ቀጥሮ ስሞቹን አጣርቷል፤ ሩራል ያልነበረውን የቤት አድራሻም ጨምሯል። ሆኖም ከ46,878 ስሞች 1,309ኙ ከሩራል ጋር ቁርጥ አንድ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ አራቱ ጨርሶ የሌሉ ሰዎች ነበሩ። ገልባጭ ለመያዝ ብሎ ሩራል ራሱ የፈጠራቸው።

የሥር ፍርድ ቤቶች ለሩራል ፈረዱ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1991 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። መልሳቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የቅጂ መብት የላብ ዋጋ አይደለም፤ የፈጠራ ነው። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ሩራል የፈጠረው ነገር አይደለም፤ በፊደል ተራ መደርደርም ማንም የሚያደርገው ነው። መገልበጡ አላከራከረም፤ የተገለበጠው ነገር ግን የሩራል አልነበረም።

ለደከመ ሰው ይህ መራራ ፍርድ ነው። ሩራል ቢረታ ኖሮ ግን የአንድ አካባቢ ሕዝብ ስልክ ቁጥር የአንድ ኩባንያ ርስት በሆነ ነበር፤ ያውም በአካባቢው ስልክ የሚያስገባው እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ። ኦኮነር ትክክል ነበሩ። ሩራል አሥሩ ኩባንያዎች የተስማሙበት ክፍያም አመለጠው።

ጂኒየስም የወደቀው እዚሁ ነው። ግጥሞቹ የደራሲዎቹና የአሳታሚዎቻቸው እንጂ የእርሱ አይደሉም፤ እርሱ ፈቃድ አግኝቶ የሚያሳይ ነው። (በ2013 ያለ ፈቃድ ግጥም የሚያወጡ 50 ድረ ገጾች በሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ሲዘረዘሩ አንደኛ የተጻፈው ራሱ ጂኒየስ ነበር፤ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ መጣ።) ይህን ስለሚያውቅ የቅጂ መብት ክስ አላነሣም፤ «የድረ ገጼን የአጠቃቀም ውል ጥሰዋል» አለ። ዳኛዋ በ2020 ይህ ስሙን የቀየረ የቅጂ መብት ክስ ነው ብለው ዘጉት። ይግባኝ ሰሚው በ2022 አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 አላይም አለ።

በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጭ አድርጓል። ቦሌ ላይ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ተፎካካሪው የዋጋና የልኬት ዝርዝሩን ከድረ ገጹ ቢያነሣበት በዚህ አዋጅ ብዙ አይራመድም። ሶፋውን ራሱ ያነሣበት ፎቶ፣ ስለ እንጨቱ ራሱ የጻፈው አንቀጽ ከተወሰደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ አንቀጹ ውስጥ ሆን ብሎ የተዋት አንዲት የፊደል ግድፈት ማን ከማን እንደገለበጠ ትናገርለታለች።