ከባሶ ገበያ እስከ ቴሌብር፦ የ«ብር»ና የ«ስልክ» ቃላት ጉዞ

በደብረ ማርቆስ የእህል ገበያ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ዛሬ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ገባልህ?» የሚል ነው። ሻጩ ስልኩን አይቶ «ገብቷል» ካለ ጤፉ ይጫናል። በመካከሉ ሲቆጠር የታየ ብር የለም፤ በእጅ ያለው ስልክም ሽቦ የለውም። ሆኖም «ብር» በመሠረቱ የነጩ ማዕድን ስም፣ «ስልክ»ም የሽቦ ስም ነበሩ። ቃላቱ የተነሡበት ቁስ ሲጠፋ እነርሱ ግን በአገልግሎት ላይ ጸንተው ቆይተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሁለቱን ቃላት ታሪክ በመከተል፣ በሞባይል ስልክ ለሚሰጡ የንግድና የገንዘብ አገልግሎቶች ስያሜ የሚያወጡና ጽሑፍ የሚተረጉሙ ባለሙያዎች ከዚህ ምን ሊማሩ እንደሚችሉ ለማመልከት ይሞክራል።

1. ከማዕድን ወደ አኃዝ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ዛሬ ባሶ ሊበን በሚባለው ወረዳ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ የጎጃም ዋነኛ የንግድ ቦታ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሮች ይመጡበት፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርድበት ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎጃም የነበረው እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ከጻፉት አንዱ ነው። መገበያያው አሞሌና ማርትሬዛ ነበር። ማርትሬዛ ከብር የተሠራ በመሆኑ ሕዝቡ ገንዘቡን «ብር» አለው፤ በግእዝ «ብሩር» የተባለው የማዕድኑ ስም በዚህ መንገድ የገንዘብ ስም ሆነ።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ማዕድኑ ቀርቶ ስሙ ቀጠለ። በእንግሊዝኛ «ዶላር» ይባል የነበረው ይኸው ገንዘብ፣ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ኖት ሲታተም በውጭ ቋንቋም «ብር» ተባለ። በመሆኑም ቃሉ መጀመሪያ ከማዕድን ወደ ወረቀት፣ በኋላም ከወረቀት በስልክ ላይ ወደሚነበብ አኃዝ ሲሻገር፣ ስሙ ይለወጥ ብሎ የጠየቀ ተናጋሪ አልታየም።

2. ሽቦው የተረሳበት ቃል

የስልክ አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ረጅም መስመርም አዲስ አበባን ከሐረር አገናኝቷል። ስያሜው የመጣው «ክር፣ ሽቦ» የሚል ፍቺ ካለው የዓረብኛ ቃል «ሲልክ» ነው። ዓረቦች ራሳቸው በሬዲዮ የሚደረገውን ግንኙነት «ላሲልኪ» ይሉታል፤ «ሽቦ የሌለው» ማለታቸው ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ሲዋስ የሽቦውን ፍቺ ትቶ የመሣሪያውንና የንግግሩን ያዘ። ስለዚህ «ገመድ አልባ ስልክ» የሚለው ሐረግ በቃላቱ ምንጭ ቢፈታ «ሽቦ አልባ ሽቦ» በሆነ ነበር፤ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን አንዳች ተቃርኖ የለበትም።

በግሶቹም ላይ ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። አረጋውያን «ስልክ መታ» ይሉ ነበር፤ በኋላ «ስልክ ደወለ» ገነነ። የ«ደወለ» ምንጭ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው፤ ዛሬ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ቢንቀጠቀጥም «ተደወለልኝ» እንላለን። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዲማ ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ መቅረቱን ያውቃልና።

3. አዲሶቹ አገልግሎቶችና ስሞቻቸው

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም.፣ የሞባይል ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማሰራጨቱ፣ የንግድ ወሬ በሽቦ አልባ መንገድ ወደ ነጋዴው እጅ እንዲደርስ ካደረጉት እርምጃዎች አንዱ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያ አወጣ። ከዚያም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን የመሰሉ ድርጅቶች «ኤም-ብር»ን ወደ ደንበኞቻቸው አደረሱ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ ተከተሉ።

በቃላት አሰባሰብ ረገድ ይህ ዘመን ሀብታም ነው። «ቴሌ» በግሪክኛ «ሩቅ» ማለት ቢሆንም ለኢትዮጵያዊ ሰሚ የመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ ስለዚህ «ቴሌብር» የሚገባው «የቴሌ ብር» ሆኖ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለብድርና ለቁጠባ የወጡት «መላ»፣ «ሳንዱቅ» እና «እንደኪሴ» የተባሉት ስሞች ከቤት ውስጥ ንግግር የተወሰዱ ናቸው። የኮከብ ምልክቱ «ኮከብ»፣ የቁጥር ምልክቱ ደግሞ በቅርጹ ምክንያት «መሰላል» ተብለዋል። «ወኪል» እና «ሐዋላ» ከዓረብኛ የመጡ ጥንታውያን የንግድ ቃላት ሲሆኑ፣ «ጥሬ ገንዘብ» ደግሞ የአማርኛ የራሱ ሐረግ ነው። እነዚህን ያወጣቸውና ያስለመዳቸው ሥራው ራሱ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ሊመዘግባቸው ይገባል።

4. ልዩነቱ መጠበቅ ያለበት የት ነው?

ከላይ የታየው ታሪክ የቃል ምንጭ መዘንጋት ጉዳት እንደሌለው ያስረዳል። ጉዳት የሚያስከትለው በአገልግሎት የተለያዩ ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ሲደባለቁ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌ የ«ኔትወርክ»ና የ«ኢንተርኔት» ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ በዩ ኤስ ኤስ ዲ የሚከፈተው የቴሌብር አገልግሎት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኔትወርክ ግን ያስፈልገዋል። በመተግበሪያ የሚከፈተው ግን ኢንተርኔት ይሻል። ሕዝቡ «ዳታ የለም» እና «ኔትወርክ የለም» በማለት ሁለቱን ይለያል። አንድ ተርጓሚ አንዱን «መረብ»፣ ሌላውን «በይነመረብ» ብሎ በአንድ የመመሪያ ገጽ ላይ ቢያሰፍራቸው፣ ስያሜዎቹ በሥርወ ቃል ትክክል ቢሆኑም፣ ገበሬው ገንዘቡን በየትኛው መንገድ ሊያወጣ እንደሚችል ለመረዳት ይቸገራል።

ሁለተኛው ምሳሌ የግሶቹ ነው። «ተልኳል» የላኪውን ድርጊት እንጂ የተቀባዩን ማግኘት አያመለክትም፤ የተላከ መልእክተኛ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላልና። ሻጭ ገዥው ባሳየው «ተልኳል» በሚል ጽሑፍ ተማምኖ እህሉን ቢያስጭን፣ ገንዘቡ ያልደረሰው እንደ ሆነ ኪሳራው የእርሱ ነው። ገበያው «ገባ» የሚለውን ግስ የመረጠው ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል። በባንክ አማርኛ የሚሠራበት «ገቢ ሆኗል» ከዚሁ ግስ የወጣ ስለሆነ፣ ለተቀባዩ የሚደርሰው መልእክት በዚህ ቢጻፍ፣ «ተልኳል» ለላኪው ብቻ ቢወሰን ይበጃል።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። «ስልክ»ንና «ብር»ን በአዲስ ስያሜ ለመተካት መድከም አያስፈልግም። «በይነመረብ» በመዝገበ ቃላት ከነፍቺው ይመዝገብ፤ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ጽሑፍ ላይ ግን ተጠቃሚው የሚለያቸው «ኢንተርኔት»፣ «ዳታ» እና «ኔትወርክ» ይቅደሙ። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይወሰን በገበያ ቀን በደብረ ማርቆስና በየጁቤ በሚገኙ ሻጮችና ወኪሎች ፊት ተነቦ፣ ምን እንደ ገባቸው ቢጠየቁ መልካም ነው።