ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት

አምና አንዲት የማኅበራችን አባል እናቷን ቀበረች። ድንኳኑንና ወንበሩን እድሯ አመጣ፣ እኛም ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን ሦስቱን ቀን አብረናት ሰነበትን። ለአርባው ግን "ለንግድ ነው" ብላ ከቁጠባችን ተበደረች። በሬው ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ሰፈሩም አመሰገናት። ዕዳውን ዛሬም እየከፈለች ነው። ይህን የጻፍነው በራሷ ፈቃድ ነው።

ነገሩ ወደ እናቶቻችን ዘመን መለሰን። በገጠር ሰው ሲሞት ቀባሪ አይታጣም፤ መቃብር የሚቆፍረውም፣ እንጨት የሚፈልጠውም፣ እህል የሚያመጣውም ያው ዘመድና ጎረቤት ነው። አዲስ አበባ ከየአገሩ በመጣ ሰው ስትሞላ ግን ከወገኑ ርቆ የሚሞተው በዛ። እድር የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። አጀማመሩ ብዙ ጊዜ ለሥራ ወደ ከተማ ከገቡ ጉራጌዎች ጋር ይያያዛል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በከተማው እየተስፋፋ ሄደ፤ ኋላም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚያዋጣበት የሰፈር እድር በየቦታው ተቋቋመ።

ሥራችን ሒሳብ ስለሆነ የእድር መዝገብ ደስ ይለናል። የአባሉ ስም፣ ወርኃዊ መዋጮው፣ ቀብር ሲቀር የሚከፍለው ቅጣት ሁሉ በየዓምዱ ይሰፍራል። ለሐዘን መገኘትን በገንዘብ መቅጣት ለእንግዳ ሰው ያስቃል፤ ነገር ግን ማንም ብቻውን እንዳይቀበር ያደረገው አንዱ ይኸው ቅጣት ነው። በብዙ እድሮች የተመዘገበው የአባወራው ስም ነበር። ሴቶቹ ድስቱንና ሳህኑን ይዘው የራሳቸውን የሴቶች እድር አቋቋሙ። ሽንኩርት ሲላጥ ያደረበት ሌሊት ግን በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም።

በ1990ዎቹ ኤድስ ሲበረታ ሞት ተደራረበና የብዙ እድር ካዝና ተራቆተ። ያኔ አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ በሽተኛውን በሕይወት ሳለ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡትን ልጆች መርዳት ጀመሩ። ለእኛ የእድር ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ይህ ነው። እድር የሚለወጥ ነገር መሆኑን አሳይቶናል።

ተዝካሩ ግን ከእድር ደንብ ውጭ፣ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ቀረ። ጸሎተ ፍትሐቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ በሬውን የጨመርነው እኛ ነን፣ ይሉኝታም አለበት። ሟቿን ብንጠይቃት ልጇ ተበድራ እንድትደግስላት ትፈልግ ነበር? ማንም አልጠየቃትም። ስለ ሞት ማውራት ሟርት ይመስለናልና።

ስለዚህ ባለፈው ወር አንድ ወረቀት አዘጋጀን። የት ልቀበር፣ መጀመሪያ ለማን ይነገር፣ ለአርባዬ ስንት ይውጣ የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። አንዳንዶቻችን ወረቀቱን ለመንካት እንኳ ፈራን። ቀድማ የሞላችው ያቺው ባለዕዳ አባላችን ናት፤ ፍትሐት ይደረግልኝ፣ ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ ይሰጥልኝ፣ ለድግስ ማንም እንዳይበደር ብላ ጻፈች። አንዲት ትልቅ እናታችን ደግሞ አልቃሽ እንዳይቀጠርላቸው አዘዙ፤ የሚያውቀኝ ያልቅስ አሉ። የተሞሉት ወረቀቶች በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ፣ ከቁጠባ ደብተሮቹ ሥር ተቀምጠዋል። ቁልፉ ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ ነው፤ ያልሞላችሁ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ጠይቋት።