የየካና የእንጦጦ ዕፀዋት፤ አገሬውና መጤው

ከየካ አባዶ ቀና ብሎ ወደ እንጦጦ ተራሮች የተመለከተ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ከተራራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። መጤነቱን ለማወቅ ግን መዝገብ ማገላበጥ አያሻም፤ ሕዝባችን በቆሎን «የባሕር ማሽላ» እንዳለ ሁሉ ይህንንም ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ ላይ ጽፎታል። ከአውስትራሊያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ልንወቅሰው አይገባም፤ የማገዶ እጦቱ ንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መናገሻ እስከ ማስጀመር አድርሷቸው ነበርና።

አስቸጋሪው የአገሬው ዕፀዋት መዝገብ ነው። ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በትግራይና በሰሜን ተራሮች ብዙ ሰብስቧል። በአዲስ አበባ ግን ብሔራዊው ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ሲቋቋም፥ የእንጦጦ ጥድ አብዛኛው ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አልቋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ተጭኖ ይደርቃል፤ የተገኘበት ስፍራ፥ ከፍታው፥ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍለታል። ስፍራው ያልተጻፈለት ቅጠል፥ በእኔ አስተያየት፥ ከድርቆሽ አይሻልም።

ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980 የተጀመረው የፍሎራ ፕሮጀክት በ2009 ሲፈጸም፥ 6,000 ያህል ዝርያዎች ተመዘገቡ። ኮሶውና ቀጋው ከባሕር ዛፉ ጋር በአንድ ሥራ ውስጥ ስፍራ አገኙ። ዛሬ በእንጦጦ አገር በቀሉን ለመመለስ የሚደክሙ ሁሉ፥ የቀድሞውን ደን የሚጠይቁት እነዚህን የደረቁ ቅርንጫፎችና በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ የተረፉትን ጥድና ወይራ ነው።