በጦርነት መካከል የነበሩ ጸሎት ቤቶች

የጦርነት ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ጄኔራሎችና ስለ መድፎች ነው። ጦርነቱ በደጃፉ ያለፈበት ሕዝብ በዚያ ጊዜ ሃይማኖቱን እንዴት እንደ ያዘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) በጌቲስበርግ የነበረውን ሁኔታ ለመመልከት እሞክራለሁ።

ጌቲስበርግ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የምትገኝ፣ በዚያን ጊዜ 2,400 ያህል ነዋሪዎች የነበሯት ትንሽ ከተማ ናት። ሉተራኖች፣ ፕሬስቢቴሪያኖች፣ ሜቶዲስቶችና ካቶሊኮች በየፊናቸው ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው፤ ጥቁሮቹም ነዋሪዎች የራሳቸው ማኅበረ ምእመናን ነበራቸው። ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ በ1826 የተመሠረተው የሉተራን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ቆሞ ነበር።

ጠቡ ከመድፉ በፊት በቤተ ክርስቲያን ታይቶ ነበር። በባርነት ምክንያት ሜቶዲስቶች በ1844፣ ባፕቲስቶች በ1845 ሰሜንና ደቡብ ተብለው ተለያዩ። አንዱ ወገን በመጽሐፍ ቅዱስ ባርነትን ሲያወግዝ፣ ሌላው በዚያው መጽሐፍ ይደግፈው ነበር።

በጁን 1863 የጄኔራል ሮበርት ሊ የደቡብ ጦር ወደ ፔንሲልቫኒያ ገባ። ወታደሮቹ በመንገዳቸው ያገኟቸውን ነጻ ጥቁሮች እየያዙ ለባርነት ወደ ደቡብ ይልኩ ስለ ነበር፣ ከጌቲስበርግ ጥቁሮች ብዙዎቹ ውጊያው ሳይጀመር ተሰደዱ። ነጮቹ ጎረቤቶቻቸው ለቤታቸውና ለንብረታቸው ሲሰጉ፣ እነርሱ ለነጻነታቸው ይሰጉ ነበር። ባርነትን ይቃወም የነበረው የትምህርት ቤቱ መሪ ሳሙኤል ሽሙከርም ሸሸ፤ የደቡብ ወታደሮች ቤቱን በርብረው መጻሕፍቱን አበላሹ።

ውጊያው ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን ለሦስት ቀናት ተካሄደ። ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የጠፋው 51,000 ያህል ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ወዲያው ሆስፒታል ሆኑ። በአግዳሚዎቹ ላይ ሳንቃ ተረብርቦ ቁስለኛው በዚያ ተጋደመ። መዝሙር ይሰማበት በነበረው ስፍራ የሚሰማው የቁስለኞች ጩኸት ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ሆሬሽዮ ሃውል የተባለ የሰሜን የጦር ቄስ በአንዱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ካቶሊካዊው ቄስ ዊልያም ኮርቢ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውጊያው ለሚገቡት የአየርላንድ ተወላጆች ፍትሐት ሰጠ።

ጁላይ 5 ቀን እሑድ ነበር። በዚያ ሰንበት ከኤሚትስበርግ የመጡ ካቶሊካውያን ደናግል ወደ ከተማይቱ ደረሱ። ያስታመሙትም ሰሜን ደቡብ፣ ካቶሊክ ፕሮቴስታንት ብለው ሳይለዩ ነው። በዓመታት ክርክር ያልተገናኙት ክርስቲያኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ተኙ።

ኖቬምበር 19 ቀን 1863 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሙታኑን መካነ መቃብር ለመመረቅ መጣ። ሁለት ደቂቃ ያህል ከተናገረ በኋላ፣ በውጊያው ከቆሰለው ከሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ከጆን በርንስ ጋር በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በተደረገው ስብሰባ ተገኘ። በማርች 1865 ደግሞ ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ እያነበቡ ወደ አንድ አምላክ እንደሚጸልዩ ለሕዝቡ አስታወሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። የጌቲስበርግ ሕዝብ ለቆሰለ ጠላቱ የጸሎት ቤቱን በር መክፈቱ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ከተሰደዱት ጥቁሮች ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ አልተመለሱም። የጦርነቱ ዋና ምክንያት የእነርሱ ወገኖች ባርነት ሆኖ ሳለ፣ ቁስለኛው ድኖ አግዳሚው ለጸሎት ሲመለስ እነርሱ በቦታቸው አልነበሩም። እንግዲህ የአንድን ከተማ ሃይማኖት ስንመረምር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ማን እንደ ተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ማን እንደ ጎደለ መጠየቅ ይገባናል።